ለየትኛው ሐኪም ቤት የተቀረጸ ብረት?

አጥንት ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት አንድ ዕፁብ ጠባይ አለው፤ ቆዳ ሲቈረጥ ጠባሳ ትቶ ይገጥማል፣ አጥንት ግን በቦታው ጸንቶ ከተያዘለት የተሰበረውን ራሱ መልሶ አጥንት ያደርገዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ያየውን የደረቁ አጥንቶች ሸለቆ አበው ለትንሣኤ ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ በወንጌለ ሉቃስም 18 ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት የተሳናት ሴት በሰንበት ቀን መፈወሷን የሰማ ምእመን ሁሉ የአከርካሪ ደዌ ምን ያህል ጥንታዊ፣ ምን ያህልም ጽኑ እስራት እንደ ሆነ ያውቃል። ተአምራቱን ለባለቤቱ ትተን ለሰው ልጅ ጥበብ የተፈቀደውን ብቻ ብንመረምር፣ የአጥንት ሐኪምና ብረት ሠሪው በአንድነት የሚሠሩት ሥራ ማዳን ሳይሆን መደገፍ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የሚያድነው አጥንቱ ራሱ ነው፤ ብረቱ እስከዚያ ድረስ አጽንቶ ይይዘዋል።

ይህ መደገፍ ግን ቀላል ሥራ አይደለም። በስብራት ላይ የገባ ብረት ሕመምተኛው በተራመደ ቍጥር በጥቂቱ እየታጠፈ ይመለሳልና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚደክም ነው፤ አጥንቱ ፈጥኖ ከገጠመ ብረቱ ሥራውን ፈጽሞ ያርፋል፣ ከዘገየ ግን ያ ጽኑ የመሰለው ብረት አንድ ቀን ሳይታሰብ ይሰበራል። ከልክ በላይ ግትር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥፋት ያመጣል። አይዝጌ ብረት ከአጥንት 10 እጥፍ ያህል ግትር ነው፤ ታይታኒየም የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ብቻውን ከተሸከመ አጥንቱ አንድ ታታሪ ብቻ እንደሚሠራበት ቤተ ሰብ ይሰንፋል፣ ውሎ አድሮም ይሳሳል። እንግዲህ ብረቱን የሚቀርጸው ሰው በመጽናትና በመለዘብ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ሲፈልግ የሚኖር ነው።

ስለዚህ ጥበብ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ብረቱ ዓይነት፣ ስለ ብሎኑ ጥርስ፣ ስለ አጥንቱም ጥንካሬ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው ግን እምብዛም ስለማይነሣ ሌላ ነገር ነው። ብረቱን የሚቀርጸው ሰው በወረቀቱ ላይ የሚሥለው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ብረቱ የሚገባበትን ሐኪም ቤት፣ በአጠገቡ የሚቆመውን የራጅ መሣሪያ፣ የማይቋረጠውን መብራት፣ የሠለጠነችውን ነርስ፣ ሕመምተኛውም ተመልሶ የሚመጣበትን የቀጠሮ ቀን አብሮ በኅሊናው ይሥላል። የታሰበው ቤት በሌለበት አገር ያ ብረት፣ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ባዕድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድኻ ለሆነ ሐኪም ቤት ታስቦ የሚቀረጽ መሣሪያ የጥበብ ዝቅተኛው ደረጃ ነው የሚለውን የተለመደ አስተያየት ስሕተት እለዋለሁ፤ ማስረጃዬም የጭን አጥንት ታሪክ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጭኑ የተሰበረ ሰው ዕጣው ሳምንታት በአልጋ ላይ መዋል ነበር፤ ከጉልበቱ በታች ባለው አጥንት ውስጥ ቀጭን ብረት ይሻገርና በገመድና በክብደት እየተሳበ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ በጀርባው ተንጋሎ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በጀርመን አገር በኪል ከተማ ጌርሃርድ ኩንትሸር የተባለ ሐኪም ረጅም የብረት ዘንግ በአጥንቱ መካከል፣ መቅኔው በሚገኝበት ቦይ ውስጥ አስገብቶ ሕመምተኛውን በቶሎ ለማስነሣት በቃ፤ ዘንጉን ያበጀለት ደግሞ ኤርንስት ፖል የተባለ የዚያው ከተማ መሣሪያ ሠሪ ነው። በዓመቱ በበርሊን ለሊቃውንቱ ጉባኤ ቢያቀርበው ብዙዎች ነቀፉት። ጦርነቱ ሲያበቃም ከምርኮ ወደ አገራቸው የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በጭናቸው ውስጥ ረጅም ብረት ይዘው በራጅ ሲታዩ የአገራቸው ሐኪሞች ተደነቁ።

የኩንትሸር ዘንግ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አጥንቱ ብዙ ቦታ ሲደቅ በዘንጉ ላይ ይዞራል ወይም ያጥራል። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ጠበብት በዘንጉ የላይና የታች ጫፍ ቀዳዳ አበጅተው ብሎን በአጥንቱና በዘንጉ አሻግረው በማሰር ይህን አቃኑት። ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ፤ ዘንጉ በአጥንቱ ውስጥ ሲገባ ስለሚጣመም፣ በሩቁ ጫፍ ያለው ቀዳዳ የት እንደ ደረሰ ከውጭ አይታወቅም። የሀብታሙ አገር መልስ ሲ-አርም የሚባለው የራጅ መሣሪያ ሆነ፤ ሐኪሙ በስክሪን ላይ ቀዳዳውን እያየ ይሰረስራል። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ዘንግ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ መሣሪያ በቀዶ ጥገናው ክፍል እንደሚገኝ አድርጎ የሚያስብ ሆነ፤ መሣሪያው በሌለበት ግን ሕመምተኛው ወደ ጥንቱ ገመድና ክብደት ተመለሰ።

ይህን ሁኔታ በዓይናቸው ካዩት አንዱ ሉዊስ ዘርክል የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው። በቬትናም ጦርነት በውትድርና አገልግሎ፣ ኋላም በኢንዶኔዥያ ሲያስተምር፣ እውቀትን ብቻ ማካፈል ብረት ለሌለው ሐኪም ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ግዛት፣ በሪችላንድ ከተማ፣ ሳይን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ የሠራው ዘንግ ያለ ሲ-አርም፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሰርሰሪያም ሆነ ልዩ የቀዶ ጥገና አልጋ ሳያስፈልገው የሚገባ ነው። ለድኾች ሕሙማን በነጻ የሚሰጠው ይህ ዘንግ በመቶ ሺዎች ለሚቈጠሩ ስብራቶች የዋለ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀምሮ በአገራችንም ሐኪሞች እጅ ይገኛል።

አሠራሩን ቀርቦ ማየት ይገባል። ዘንጉ እንደ ሌሎቹ ክፍት ቧንቧ ሳይሆን ድፍን ስለ ሆነ ሲገባ ብዙ አይጣመምም፤ በራሱም ላይ ከሰውነት ውጭ ከዘንጉ ጋር ትይዩ የሚሄድ ረጅም ክንድ ይታሰራል። በክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ በሥጋና በአጥንት ውስጥ ከተሰወረው የዘንጉ ቀዳዳ ጋር አንጻር ለአንጻር የተስተካከለ ነው። ሐኪሙ በክንዱ እየተመራ የአጥንቱን ግድግዳ በስቶ አንዲት ቀጭን መፈለጊያ ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ መፈለጊያዋ የዘንጉን ገላ ስትነካ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ በጣቱ ይሰማዋል፣ ወደ ቀዳዳው ስትወድቅ ደግሞ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ተይዛ እንደ ልብ አልዞርም ማለቷን በእጁ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ብሎኑን ያሻግራል። ቀዳዳውም ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ የተቀረጸው፣ በእጅ ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ይቅርታ እንዲኖረው ነው። ዓይን ሊያይ ያልቻለውን እጅ እንዲያይ ማድረግ ከስክሪኑ ያነሰ ጥበብ ነው የሚል ካለ ይህን ሥራ ያላስተዋለ ነው።

ጠቢቡ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ ስለሚሆነውም አሰበ። ብዙው ሰው ሩቅ ገጠር ስለሚኖር የራጅ ቀጠሮውን አያከብርም። ስለዚህ ድርጅቱ ከራጁ ሌላ፣ ሕመምተኛው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የተነሣውን ፎቶግራፍ እንደ መዳኑ ምልክት ይቀበላል፤ ቁጢጥ ማለት የቻለ ሰው ጉልበቱና ጭኑ እንደሚታጠፉለት፣ ስብራቱም ሸክም እንደሚችል ያሳያልና። ሐኪሙም የሠራውን እያንዳንዱን ቀዶ ጥገና ከነራጁ በመዝገብ ሲያስገባ በዋለው ዘንግ ፈንታ ሌላ ይላክለታል። በዚህ መንገድ ምጽዋቱ ራሱ የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ሆነ፤ ከምጽዋትም ሁሉ የሚሻለው ተቀባዩን ባለሙያ የሚያደርገው ነው።

ከዚህ ጋር የተለመደውን የርዳታ ዓይነት እናነጻጽር። በጎ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በየአገሩ ከየሐኪም ቤቱ የተረፈውን፣ ፕሌት የሚባለውን ጠፍጣፋ ብረትና ብሎን ሰብስበው በሣጥን ይልካሉ። ሣጥኑ ሲከፈት የአንዱ ብሎን ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ የሌላው ደግሞ የኮከብ ቅርጽ ያለው ይሆናል፤ መፍቻው ግን ወይ አንድ ብቻ ነው፣ ወይ የለም። ያንን ብሎን በግድ ያስገባ ሐኪም ከዓመት በኋላ ቍስሉ መግል ይዞ ብረቱ መውጣት ሲኖርበት፣ ራሱ በተላገ ብሎን ፊት መቆሙ አይቀርም። በዚህ ላይ የታይታኒየሙን ፕሌት ከአይዝጌው ብሎን ጋር ማዛመድ ይመጣል፤ ልዩ ልዩ ብረቶች በሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲነካኩ እንዴት አጥንትን እንደሚጎዱ ቬነብልና ስታክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1937 ጽፈው ካሳወቁ ወዲህ፣ ለይቶ መያዝ የአጥንት ሕክምና የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሰጭው ያሰበው ትርፍ ብረቱን ነበር እንጂ ብረቱ የሚደርስበትን ቤት አልነበረም።

ድህነት የወለደው ጥበብ ለድኻ ብቻ ይቀራል እንዳይባልም ሌላ ምስክር ልጥራ። ከሞስኮ ርቃ በምዕራብ ሳይቤሪያ በምትገኘው በኩርጋን፣ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አጥንትን ከውጭ የሚይዝ መሣሪያ አበጀ፤ በእግር ዙሪያ የሚቆሙ የብረት ቀለበቶች፣ በአጥንቱ ውስጥ ተሻግረው እንደ ክራር ጅማት የተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ቀለበቶቹን የሚያያይዙ ባለ ጥርስ ዘንጎችና ፍሬዎች፣ ይኸው ነው። ፍሬው በቀን አራት ጊዜ በሩብ ሚሊሜትር ሲዞር አጥንቱ በቀን 1 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይበቅላል። የመዲናይቱ ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ ናቁት፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘውና በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ የደቀቀው ቫሌሪ ብሩሜል ግን ብዙ ቀዶ ጥገና ካልረዳው በኋላ በ1968 ወደ ኩርጋን ሄዶ ዳነ። ካርሎ ማውሪ የተባለው ኢጣሊያዊ አሳሽ በ1980 በዚያው ከተፈወሰ በኋላ ምዕራባውያን ራሳቸው ሊማሩ ወደ ሐኪሙ መጡ። ዛሬ ይህ መሣሪያ በሀብታሞቹ ሐኪም ቤቶችም ይገኛል።

ሆኖም ቅን አሳብ ብቻውን በቂ ነው ብዬ እንዳልታማ ስለ አደጋውም መናገር ግዴታዬ ነው። የሰው ሠራሽ ዳሌ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዳሌው ጽዋ ቴፍሎን የተባለውን ልስልስ ፕላስቲክ መረጠ፤ ልስላሴው ግን መበላትን ሊከላከል አልቻለም፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በ300 ያህል ሕሙማን አካል ውስጥ ተፍቆ ሥጋቸውን አስቆጣ፣ ቻርንሊም ብረቱን መልሶ ማውጣት ግድ ሆነበት። ከዚህ መከራ ያወጣው የሥራ ቤቱ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ነበር፤ አንድ ነጋዴ ያሳየውን ሌላ ፕላስቲክ፣ ጌታው ቢያጣጥለውም፣ በመፈተኛው መኪና ላይ ጭኖ ሌትና ቀን አስፈተገው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተፈተገው ፕላስቲክ ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ አልተበላም። ከ1962 ጀምሮ ዓለም የተጠቀመበት ዳሌ ከዚህ ተወለደ። ከሰው አካል በፊት በመኪናው ይፈተን የሚለው ሕግ የተጻፈው በእነዚያ ሕሙማን ሥቃይ ስለ ሆነ፣ ማንም ለድኻ ነው ብሎ ሊያላላው መብት የለውም።

በአከርካሪ ሕክምና ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በፓሪስ ሬሞን ሩዋ-ካሚ የጀመረው ዘዴ፣ የአከርካሪውን ፊተኛ አካል ከኋለኛው ቅስት ጋር በምታያይዘው ጠባብ አጥንት ውስጥ ብሎን ማሳለፍ ነው፤ ከዚያች አጥንት ወዲያ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ሐኪሙ ብሎኑን ከመስደዱ በፊት ጫፏ ድቡልቡል የሆነች ቀጭን መፈተሻ ይዞ የቀዳዳውን አራት ግድግዳና መሠረት ይዳስሳል፤ አጥንት ሲሆን ይመክታል፣ ግድግዳው ተበስቶ ከሆነ ግን ልስላሴ ይሰማዋል። የዚህች መፈተሻ እጀታ ውፍረትና የአንገቷ ቅጥነት በጣት ስሜት ላይ የሚያመጡት ለውጥ የአንድን ሕፃን መራመድ ወይም አለመራመድ ሊወስን ይችላል፤ ታዲያ መፈተሻዋን የቀረጸው ሰው ከሐኪሙ ጋር በአንድ ገበታ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ በምን ያውቀዋል?

የእኛ ልጆች በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አላቸው። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በተፈጥሮ አከርካሪያቸው የጎበጠ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በሠራው በዶክተር ሪክ ሆደስ አማካይነት፣ ጋናዊው ዶክተር ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄይ በአክራ ወዳቋቋመው የፎኮስ ሆስፒታል እየሄዱ ታክመዋል። በዚያ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረገው ዝግጅት የሚያስደንቅ ነው፤ በራስ ቅላቸው ዙሪያ ቀለበት ታስሮ፣ በመንኰራኵር በሚሄድ ማዕቀፍ ላይ በክብደት እየተሳበ፣ ክብደቱም ቀስ በቀስ እየተጨመረ፣ ለሳምንታትና ለወራት አከርካሪያቸው ይቃናል። ቀለበት፣ ገመድ፣ ክብደትና መንኰራኵር ያለው ማዕቀፍ! ሕፃኑ በአልጋ ሳይታሰር እየተጫወተ የሚታከምበት ይህ መሣሪያ በአንድ ደኅና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሊሠራ የማይችል ነገር አይደለም።

እንግዲህ በአገራችን ምን ይደረግ? መቼም ነገ ተነሥተን በሰውነት ውስጥ የሚቀር ብረት እንሥራ አልልም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የብረት ንጽሕና፣ የድካም ፈተናና የጥራት ሥርዓት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። መጀመሪያ በሰውነት ውስጥ ከማይቀረው እንጀምር፤ ከመፈተሻና ከመያዣ፣ ከመምሪያ ክንድ፣ ከመሳቢያ ማዕቀፍ፣ መሣሪያን በእንፋሎት የሚያነጻውን አውቶክሌቭ ከሚችል የመሣሪያ ሣጥን። በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ቶርኖ ላይ ቆመው ያረጁ ባለ እጆች አሉ፤ ሌሊቱን በስብራት ሲሠሩ የሚያድሩ ሐኪሞችም አሉ። የጎደለው ሦስቱ የሚገናኙበት አንድ ክፍል ነው። ኩንትሸር ያለ ፖል፣ ቻርንሊም ያለ ክሬቨን ያሰበውን ሊፈጽም አይችልም ነበር፤ የስዊስ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1958 ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን የፕሌትና የብሎን ሥርዓት ሲመሠርቱ ሮበርት ማቲስ የተባለውን መሣሪያ ሠሪ ከጎናቸው አቁመው ነበር።

ከዚህም ጋር ወጌሻውን መርሳት አይገባም። ብዙው የገጠር ስብራት መጀመሪያ የሚደርሰው ከእርሱ እጅ ነውና፣ ከልክ በላይ የጠበቀ የሸምበቆ እሥር ደም አቋርጦ የሕፃን እጅ የሚያስቈርጥበት ጊዜ ብዙ ነው። እብጠት ሲመጣ ራሱ የሚላላ፣ ከአገር ዕቃ የሚሠራ፣ ወጌሻው ሳያፍር የሚቀበለው መደገፊያ የሚቀርጽ ወጣት ቢገኝ፣ ከታላቁ የቀዶ ጥገና ክፍል ይልቅ ብዙ እጅና እግር ያተርፍ ይሆናል። ለገበሬ ጭኑ ተሰብሮ ሁለት ወር በአልጋ መዋል ማለት የዘር ወራት አለፈው ማለት ነው፤ እጁን ያጣ ልጅ ግን የሚያልፈው ዕድሜ ልኩን ነው።

ግዥ ለሚፈጽሙት ሹማምንትም ቃል አለኝ። ዋጋ በማነሱ ብቻ የተመረጠ ብረት መፍቻው፣ መሰርሰሪያውና ማውጫው ካልተሟላ ርካሽ አይደለም፤ የግዥው ዝርዝር ሲጻፍ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የምታቀርበው የቀዶ ጥገና ነርስና በአውቶክሌቭ የሚቀቅለው ሠራተኛ ይጠየቁ። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም ለርዳታ የሚመጣውን ሣጥን እንደ ተገዛው ዕቃ ይመርምር። በእያንዳንዱ ሕመምተኛ መዝገብም የገባለት ብረት ዓይነትና የሥሪት ቍጥር ይጻፍ፤ ያለዚህ አንድ ክፉ ብረት ቢገኝ እንኳ በማን አካል ውስጥ እንዳለ የሚናገር አይኖርም።

በመጨረሻም ለጋሽም፣ ገዥም፣ ተማሪም፣ ሐኪምም ለሆነ ሁሉ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ማናቸውም የአጥንት መሣሪያ በፊታችሁ ሲቀርብ ከዋጋውና ከውበቱ አስቀድማችሁ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ራጁ ቢበላሽ፣ ሕመምተኛውም ለቀጠሮው ባይመለስ ይህ መሣሪያ ይሠራልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ መልስ የሌለው ብረት ለእኛ ሐኪም ቤት አልተቀረጸምና አንድ ብር እንኳ አታውጡበት።